ከጥቁር አዝሙዱ ጋር የሄደው ገጽ

በእኔ ሱቅ ወረቀት ሳይነበብ አይወጣም። ማንበብ ወድጄ አይደለም፤ ከአባቴ የወረስኩት ሥርዓት ነው። አሰላ ገበያ አጠገብ ያለችውን ይህችን የቅመም ሱቅ ከእኔ በፊት የያዟት እሳቸው ነበሩ። የአላህ ስም ባለበት ወረቀት ቅመም አይጠቀለልም። ገዢው ቤቱ ሲደርስ ቅመሙን ገልብጦ ወረቀቱን ይጥለዋል፤ የተጣለውን ደግሞ ሰው ይረግጠዋል። ስሙ በአረብኛ ይጻፍ፣ በአማርኛ ይጻፍ፣ በኦሮምኛ ይጻፍ፣ ለአባቴ ልዩነት አልነበረውም። በየትኛውም ፊደል የርሱ ስም ነው ይሉ ነበር። ስለዚህ እያንዳንዱን ወረቀት ፊቱንና ጀርባውን አያለሁ። ስሙ ያለበትን በባዶ የወተት ዱቄት ቆርቆሮ አኖራለሁ። ረመዳን ሊገባ ሲል ጓሮ ወስጄ አቃጥለውና አመዱን እቀብራለሁ።

በዚህ መንገድ ብዙ ነገር አንብቤአለሁ። የሰባተኛ ክፍል ባዮሎጂ እስከ ደም ዝውውር ድረስ አውቃለሁ፤ ከዚያ ወዲያ ያለው ከኮረሪማ ጋር ሄዷል። የማላውቀው ሰው ስለ አጥር ድንበር የጻፈውን አቤቱታ አንብቤ፣ ውሳኔውን ሳላገኝ ቀርቼ፣ ሳምንት ሙሉ ስለ ሰውዬው አስቤአለሁ። የተማሪዎች የፈተና ወረቀት ብዙውን ጊዜ ወደ ቆርቆሮው ነው የሚገባው። አናቱ ላይ "አላህ ይርዳኝ"፣ "ጌታ ሆይ እርዳኝ" ብለው ይጽፋሉ። ከሥር በቀይ የተጻፈውን ውጤት ሳይ፣ ዱዓ ብቻውን እንደማይበቃ ለልጄ እነግራታለሁ።

በራሴ ፈቃድ ቁጭ ብዬ የማነበው ግን ቁርአንን፣ የአማርኛ ትርጉሙንና ጥቂት የዲን መጻሕፍትን ነበር። ግጥም ለእኔ መንዙማ ነው። ሌላው ደግሞ ሴቶች በሰርግ ላይ በኦሮምኛ የሚቀባበሉት ነው። ከዚያ ያለፈ አልፈለግኩም፤ ጎደለኝ ብዬም አላውቅም።

ልጄ ግን ትፈልግ ነበር። አሥራ ሁለተኛ ክፍል ናት፤ ከወንድሞቿ የመጨረሻዋ፣ ቤት የቀረችልኝ እርሷ ብቻ። በስልኳ ግጥም ታነባለች። መስከረም ላይ፣ ቅዳሜ ከሰዓት ወጣቶች ቤተ መጻሕፍት ተሰብስበው ግጥም ማንበብ ጀምረዋልና ልሂድ አለችኝ። አይሆንም አልኳት። ለምን አለች። የዛሬ ገጣሚዎች አላህን የሚፈሩ አይመስለኝም አልኳት። አንብበሻቸው ታውቂያለሽ ወይ ብላ ጠየቀችኝ። አላውቅም አልኩ። መልሴ እውነት ስለነበር ለእኔም አልጣመኝም።

ከዚያ በኋላ አልተከራከረችኝም። ብትከራከረኝ ይሻል ነበር። ሁለት ሳምንት ሙሉ "እሺ ኡሚ"፣ "አይ ኡሚ"፣ "በልቻለሁ ኡሚ" ብቻ ሆነ ንግግራችን። እኔ ራሴ ብዙ የማልናገር ሴት ነኝ። በቤታችን የሚያወራው ማን እንደነበረ ያወቅኩት እርሷ ዝም ስትል ነው።

ነገሩ የተጀመረው እንዲህ ባለው ጊዜ ነው። ፌስታል ከተከለከለ ወዲህ ወረቀት ተፈላጊ ሆኗል። አሮጌ ዕቃ የሚሰበስበው ቆራሌ አንድ ከረጢት ሙሉ አመጣልኝ። ደብተር አለ፣ የቢሮ ወረቀት አለ፣ መካከሉ ላይ አንድ ስስ መጽሐፍ አለ። ልባሱ ተገንጥሏል። ከፊቱም ጥቂት ገጾች ስለጎደሉ የመጽሐፉም የጸሐፊውም ስም አይታወቅም። ገልጬ ሳየው መስመሮቹ አጫጭር ናቸው፤ ገጹ ግማሹ ባዶ ነው። እንዴት ያለ የወረቀት ብክነት ነው አልኩ።

አንድ ነገር መናገር አለብኝ። እኔ መጽሐፍ የምከፍተው ከቀኝ በኩል ነው። ከሰባት ዓመቴ ጀምሮ እጄ የለመደው ቁርአን ነውና፣ ሳላስብ የምይዘው እንደዚያ ነው። የአማርኛ መጽሐፍ በዚያ በኩል ሲከፈት የሚገኘው መጨረሻው ነው። ለቅመም መጠቅለያ ግን ምን ለውጥ አለው? ከመጨረሻው ወደ መጀመሪያው እየገነጠልኩ መሸጥ ጀመርኩ።

የገበያ ቀን ነበር። የአስር ሶላት ሳይደርስ የመጽሐፉ ግማሽ አለቀ። ሁለት ሰዎች ተከታትለው ጥቁር አዝሙድ ገዝተውኝ ሄዱ፤ አንዱ የሰፈራችን ጋሪ ነጂ፣ ሌላዋ ከሲሬ የምትመጣ ደንበኛዬ። ቀጣዩን ወረቀት ስገነጥል ፈጣሪ የሚለውን ቃል አየሁ። ለቆርቆሮው ለየሁት። በምን ነገር ላይ እንደተጠራ ለማወቅም ከላይ ጀምሬ አነበብኩ።

ግጥሙ ስለ አንዲት ሴት ነው። ውሃ ለመቅዳት ወረፋ ይዛለች። ጀሪካኖቹ ተሰልፈዋል፤ ውሃው ግን ገና አልመጣም። ሴትዮዋ ቤት ትታው የመጣችው ሕፃን አለ፤ እሳት ላይ የጣደችው ሽሮም አለ። ከኋላዋ ለቆመ ሰው እንደምትናገር ሆና ለፈጣሪ ትናገራለች። ስለ ሽሮው ትነግረዋለች። ስለ ልጁ ትነግረዋለች። ወረፋ ጥሳ ስለገባች ጎረቤቷም ትነግረዋለች። በመጨረሻው መስመር፣ ቤቷ ደርሳ እስክትመለስ ጀሪካኗን እያየ ወረፋዋን ይጠብቅላት እንደሆነ ትጠይቀዋለች። ገጹ እዚያ ላይ አለቀ።

አስተግፊሩላህ አልኩ። የሰማይና የምድር ጌታ ጀሪካን ጠባቂ ይሆናል? ወዲያው ደግሞ ሳቅ መጣብኝ። በእኛ ሰፈር ቧንቧ ላይ እኔም ቆሜአለሁ፤ ሽሮዬም አርሯል፤ ጎረቤቴም ወረፋ ጥሳብኛለች። ያቺን ሴት በዓይኔ አየኋት። ከዚያ መልሱን ፈለግኩ። ጠበቀላት? ስትመለስ ምን አገኘች? አመሰገነች ወይስ አማረረች? እጄን ወደ ቀጣዩ ገጽ ሰደድኩ፤ የለም። ከኋላ ስገነጥል ስለዋልኩ ቀጣዩ ገጽ ቀድሞ ከጥቁር አዝሙዱ ጋር ሄዷል።

ነገሩ በዚህ ቢያልቅ መልካም ነበር። ነገር ግን አስርን ስሰግድ ሴትዮዋ መጣችብኝ። በሱጁድ ላይ ግንባሬ መሬት ነክቶ ጀሪካን አስባለሁ። መግሪብም እንዲሁ። በማግሥቱ ሱብሒ ላይ በሶላት መካከል ፈገግ አልኩ። በዕድሜዬ እንዲህ ሆኜ አላውቅም። ሴትዮዋ ፈጣሪዋን የምትዳፈር ከሆነች፣ እኔ በምን ስቄአለሁ? የማትዳፈር ከሆነች ደግሞ ለምን እፈራለሁ? ግጥሙ እንዴት እንዳለቀ ካላወቅኩ ሶላቴ ሰላም እንደማያገኝ ተረዳሁ።

ለልጄ ነገርኳት። ለሌላ ለማን እነግራለሁ? ወረቀቱን ተቀብላ ቆማ አነበበችው፤ ከዚያ ተቀምጣ ደግማ አነበበችው።

"ኡሚ፣ ይህን አንቺ ነሽ ያገኘሽው?"

"ቆራሌው ነው ያገኘው። ቀሪውን ግን ሸጬዋለሁ።"

ሳቀች። ከሁለት ሳምንት በኋላ የመጀመሪያ ሳቋ ነበር። ከዚያ ፊቷ ተለወጠ፤ አንድ ነገር ስታስብ አየኋት።

"በመልካም ካለቀስ?" አለችኝ።

"ቅዳሜ ትሄጃለሽ።"

"በክፉ ካለቀስ?"

"ከሌላው ወረቀት ጋር ይቃጠላል። የቅዳሜው ነገርም ሁለተኛ አይነሳም።"

"እሺ። በመልካም ካለቀ ግን አንቺም አብረሽኝ ትመጫለሽ።"

ገበያ ውስጥ ያደግኩ ሴት ነኝ፤ የሚያከራክር ዋጋ አልጠራችም። እሺ አልኩ። ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ ልጄ ከእኔ ይልቅ ፈላጊ ሆነች።

ቀጣዩ ገጽ ከሁለቱ ለማን እንደደረሰ ስላላስታወስኩ፣ መጀመሪያ ቅርብ ወዳለው ወደ ጋሪ ነጂው ሄድን። ሽማግሌ ናቸው። ፈረሳቸውን ፈትተው ሣር ሲያበሉ አገኘናቸው። ጥቁር አዝሙዱ የተጠቀለለበትን ወረቀት ምን እንዳደረጉት ስጠይቃቸው መጀመሪያ ልጣላቸው የመጣሁ መሰላቸው። ከዚያ ወደ ፈረሱ አዩ። አዝሙዱን ለጉንፋን ሲያሹ ወረቀቱን ጋሪው ላይ ትተውት ነበር፤ ፈረሱ ቅመም የሸተተ ነገር አያልፍም።

"ግጥም መሆኑን ብትነግሪኝ ኖሮ እኔው አነበው ነበር፣ የኔ ልጅ" አሉ። "አሁን እርሱን ጠይቂው። እርሱ ጨርሶታል።"

ልጄ እስኪያማት ሳቀች። እኔ ግን ፈራሁ። ፈረሱ የበላው እኔ የምፈልገውን ገጽ ከሆነ ነገሩ ያለቀለት ነው። የቀረችው የሲሬዋ ሴት ናት። ስልኳ ከደንበኞቼ ስልክ ጋር ተጽፏል፤ ደወልን፤ ዝግ ነው። በማግሥቱም፣ በሳምንቱም ዝግ ነው።

ያኔ ነው ልጄ በሌላ መንገድ እንፈልግ ያለችው። መጽሐፉ የታተመ ነውና አንድ ቦታ ሙሉው ይኖራል። ስሙን ስለማናውቅ ግን እያንዳንዱን የግጥም መጽሐፍ ገልጦ የጀሪካኗን ሴት ከመፈለግ በቀር ዘዴ የለም። ከቤተ መጻሕፍቱ አንድ አንድ እየተዋሰች ታመጣለች፤ እኔ አነባለሁ። ለምን አንቺ አታነቢውም ብላት፣ ለፈተና አጠናለሁ አለችኝ። ዛሬ ሳስበው ተንኮሏ ይገባኛል።

የመጀመሪያውን መጽሐፍ ቢስሚላህ ብዬ ከግራ በኩል ከፈትኩት። ሱብሒ ሰግጄ፣ ሱቅ ከመክፈቴ በፊት ባለችው ሰዓት ነበር የማነበው። ሦስት ገጽ ሳልሄድ ልጄን ጠራኋት። ይህ ሰው ቤት መምታት አይችልም አልኳት። አውቆ ነው አለችኝ። አውቆ የማይችል ሰው አይቼ አላውቅም አልኩ። ጮክ ብለሽ አንብቢው አለች። ጮክ ብዬ ሳነበው እውነትም አንድ ነገር ይመታል፤ በመስመሩ መጨረሻ ላይ አይደለም እንጂ ውስጥ ውስጡን፣ ሩቅ ያለ ሰው ሙቀጫ ሲወቅጥ እንደሚሰማው። መንዙማም ድቤው ሲቆም እንዲሁ ውስጡ ይቀራል። ንባቤን ቀጠልኩ።

የጀሪካኗ ሴት እዚያ የለችም። በሁለተኛውም የለችም። ግን ሌሎች ሰዎች ነበሩ። አንዱ ገጣሚ ስለ ሟች ወንድሙ ኮት ጻፈ፤ ቁልፎቹን አንድ በአንድ ይዘረዝራል፤ ስለ ለቅሶው አንድም ቃል የለም። አነበብኩና ሱቅ ሄጄ እስከ ረፋድ ሰው ማናገር አቃተኝ። አንዷ ስለ ድንች ጻፈች። በጨለማ ጓዳ ውስጥ ድንች እንዴት እንደሚያጎነቁልና ብርሃኑ በየት በኩል እንደሆነ እንደሚያውቅ። በአርሲ የኖርኩ ሴት ስንት ኩንታል ድንች አይቻለሁ፤ አንድ ቀን እንዲህ አላየሁትም። ጓዳ ገብቼ የእኔን ድንች አየሁት። ልክ ናት፤ ሁሉም ወደ በሩ ስንጥቅ ዘንብሏል። ሱብሐነላህ አልኩ።

ሁሉንም ወደድኩ አልልም። አንዱ መጽሐፍ ስድብ ነበረበት፤ በሁለተኛው ቀን ዘግቼ ይህን መልሺልኝ አልኳት፤ እርሷም በማግሥቱ መለሰችው። አንዱን ደግሞ ሦስት ጊዜ አንብቤ ሦስቱንም ጊዜ አልገባኝም። ተውኩት። ሰውም ሁሉ አይገባኝም፤ ሰላምታ ግን እሰጣለሁ።

ባለቤቴ ገብስ ነጋዴ ነው። ከገበሬ ሰብስቦ ለብቅል ያቀርባል። መጽሐፍ ይዤ ሲያየኝ መጀመሪያ የዲን መጽሐፍ መስሎት አላወራኝም። ግጥም መሆኑን ሲያውቅ ቀልዱን ጀመረ። ሱቅ መጥቶ ለደንበኞቼ "ዛሬ በርበሬ የለም፣ ግጥም ግን አለ፤ ስንት ግራም ይሁንላችሁ?" ይላቸዋል። ማታ ቤት ሲገባ "ቀሪው ተገኘ?" ብሎ ይጠይቀኛል፤ ካልኩት በላይ ያውቃልና ነገሩን ልጄ እንደነገረችው ገባኝ።

አንድ ቀን ከመግሪብ በኋላ አንዲት አጭር ግጥም አነበብኩለት። ስድስት መስመር ናት። ገብስ ፍሬ ሲይዝ ስለሚመጣ ውርጭ ናት። ገበሬው ጠዋት ወጥቶ እርሻውን ያየዋል፤ ውብ ሆኖ ነጭ ለብሷል፤ ውበቱንና ጥፋቱን በአንድ ዓይን ያየዋል። ባለቤቴ ሻዩን አስቀመጠ። ደግመሽ አንብቢው አለኝ። ደገምኩለት።

"ይህ ሰውዬ ገብስ ያውቃል" አለ።

"ሴት ናት የጻፈችው።"

"እንግዲያው አባቷ ያውቃል።"

ከዚያ ወዲህ ሱቅ መጥቶ መቀለዱን ተወ። አልፎ አልፎ ስለ ገብስ ሌላ ተገኘ ወይ ይለኛል።

እንዲህ እያልን ጥቅምት አልቆ ኅዳር ገባ። አምስት መጽሐፍ ጨረስኩ። የጀሪካኗን ሴት ግን አላገኘኋትም፤ የቤተ መጻሕፍቱ ሠራተኛም አላውቃትም አለች። በየሶላቱ ትመጣብኛለች። ልጄ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ሲሆን ፊቷ ይጨልማል፤ አትጠይቀኝም፤ እኔም ከቃሌ አልወርድም። ግጥሞቹን እየወደድኩ ልጄን መከልከሌ እኔንም ከበደኝ። ግን ያቺ አንዲት ግጥም አልታወቀችም። የወደድኳትን ያህል ፈራኋት። ፈጣሪን የምታስቀይም ከሆነች ልጄን በምን እጄ ወደዚያ እሰዳለሁ?

አንድ ቀን የሲሬዋ ሴት ራሷ ደወለች። ስልኳ ተበላሽቶ ከርሞ ነበር። ጥቁር አዝሙድ ላኪልኝ ልትለኝ ነበር። አዝሙዱን ተዪውና የባለፈው ወረቀት የት ነው አልኳት። ግራ ገባት። ከዚያ በኦሮምኛ "ግድግዳ ላይ ነው" አለችኝ። ለዓመት በዓል ቤቷን ስታሳምር፣ ጋዜጣና የተገኘ ወረቀት ሁሉ በዱቄት ሙጫ ግድግዳ ላይ ለጥፋዋለች። እንደ ብዙዎቻችን እናቶች።

"የቱ ፊት ነው ወደ ውጭ የሆነው?" ብላ ልጄ ከጎኔ ጠየቀች። ሴትዮዋ ማንበብ አልችልም አለች። ኑና እዩት አለችን።

እሑድ ጠዋት ሚኒባስ ተሳፍረን ሲሬ ሄድን። አዝሙዷን ይዤላታለሁ። የጀሪካኗን ሴት ገጽ ደግሞ በቦርሳዬ ይዣለሁ። መኸር ነበር። በሁለቱም በኩል ገብሱ እየታጨደ፣ ክምሩ እየቆመ ነው። ልጄ በመስኮት አታይም፤ ጣቶቿን እያፍተለተለች ነው። በክፉ ካለቀ ምን እንደምታጣ ታውቃለች። በልቤ፣ ያ አላህ መልካሙን አድርገው አልኩ። ለግጥም መጨረሻ ዱዓ ሳደርግ ያ የመጀመሪያዬ ነው።

ሴትዮዋ ደጅ ድረስ ወጥታ ተቀበለችን። ቤቷ ንጹሕ ነው። ግድግዳው ከላይ እስከ ታች ወረቀት ለብሷል፤ የጋዜጣ ዜና፣ የሳሙና ካርቶን፣ የሂሳብ ደብተር። እኔና ልጄ ጫማችንን አውልቀን ግድግዳ ማንበብ ጀመርን። ሴትዮዋ ከኋላችን ቆማ "ምን ዓይነት እንግዶች ናቸው፣ ሰላም ሳይሉ ጭቃ የሚያነቡ" እያለች ትስቃለች። ልጄ ናት ያገኘችው። ከአልጋው በላይ፣ የቅመም ዘይት የነካው ቢጫ ወረቀት።

"አርባ ዘጠኝ" አለች። የገጹ ቁጥር ነው።

የእኔን ከቦርሳ አወጣሁ። ከሥሩ አርባ ስምንት ይላል። የግድግዳው ወረቀት የምንፈልገው ፊቱ ወደ ውጭ ነው። አልሐምዱሊላህ። ልጄ አልጋው ጫፍ ላይ በጉልበቷ ወጥታ ከላይ ጀምራ አነበበች።

"ምን አለች?" አልኳት። "ጠበቀላት?"

"ኡሚ፣ ይህ ሌላ ግጥም ነው። አናቱ ላይ ርዕስ አለው። ስለ ባቡር ነው።" ዞራ አየችኝ። "የጀሪካኗ ግጥም እዚያው ላይ ነው ያለቀው። ጥያቄው ላይ።"

አላመንኳትም። ራሴ ወጣሁ። እውነት ነው፤ በደማቁ የተጻፈ ርዕስ አለ፤ ባቡር አለ፤ ጀሪካን የለም። ሁለት ወር ሙሉ ያልነበረ ገጽ ስፈልግ ኖሬአለሁ። ፈረስ ጠርጥሬአለሁ። አገር አቋርጬ መጥቻለሁ። ግጥሙ ግን ከመጀመሪያው ቀን ሙሉ ሆኖ በእጄ ነበር።

ልጄ ከአልጋው ወርዳ ተቀመጠች። ክፉም መልካምም አይደለም፤ ስምምነታችን ደግሞ ስለዚህ ምንም አይልም። 

ሴትዮዋ ምን እንደጠፋብን ጠየቀችኝ። ግጥሙን በኦሮምኛ እንደሚሆነው አድርጌ ነገርኳት፤ ሽሮውን፣ ሕፃኑን፣ ወረፋ የጣሰችውን ጎረቤት፣ በመጨረሻም ያንን ጥያቄ። ስትሰማ ራሷን ትነቀንቃለች። ውሃ የምትቀዳ ሴት ናትና አንዱንም ማስረዳት አላስፈለገኝም።

"ለማንም ብዬ ጀሪካኔን አልተውም" አለች። "ባለፈው ለዚያች ለጎረቤቴ ትቼ ስመለስ መጨረሻ ላይ አሰልፋው አገኘሁት። ከዚያ ወዲህ ሽሮው ይረር እንጂ አልነቃነቅም።"

ሳቅን። ሳቄ ሳያልቅ ነገሩ ገባኝ። ወረቀቱን እንደገና አየሁት። ከጀሪካኗ ሴት ፊትም ኋላም ሰዎች ቆመው ነበር። ለአንዳቸውም አልተወችም። ለማን እንደምትተው መርጣለች። ሰው ዕቃውን ጠብቅልኝ የሚለው የሚያምነውን ነው፤ ይህን የሱቅ ሴት ሳትማር ታውቀዋለች። ይጠብቅላት እንደሆነ ባይነገረኝም፣ ስትጠይቀው እግሯ ወደ ልጇ ተነሥቷል። ይህ በእኛ ቋንቋ ተወኩል ነው፤ በርሱ ተማምኖ መሄድ። እኔስ ሱቄን ስዘጋ፣ ወንዶቹን ልጆቼን ሩቅ አገር ስሸኝ፣ ዱዓ አድርጌ መልሱን ቆሜ ጠብቄ አውቃለሁ? ጠይቄ እሄዳለሁ። ዱዓዬ ሁሉ በጥያቄ ላይ ነው የሚያልቀው።

"በመልካም አልቋል" አልኳት ልጄን።

ቀና አለች። "ምኑ ኡሚ? አላለቀም እኮ።"

"የማታምነው ቢሆን ጀሪካኗን አትተውለትም ነበር። ቅዳሜ ስንት ሰዓት ነው የሚጀምረው?"

ልጄ ተነሥታ አቀፈችኝ፤ ከዚያ ሴትዮዋን አቀፈች፤ ሴትዮዋም ለምን እንደታቀፈች ሳታውቅ መልሳ አቀፈቻት። ገንፎ አቀረበችልን። በላን፤ አመሰገንን። የባቡሩን ግጥምም ከግድግዳው ላይ እያነበብኩ በኦሮምኛ ነገርኳት። ጥሩ ነው፣ ግን ባቡር አይታ ስለማታውቅ የጀሪካኑ ይሻላል አለች።

በዚያ ቀን ዙሁርን ሲሬ ሰገድኩ። የጀሪካኗ ሴት አልመጣችብኝም። ወይም መጥታ ይሆናል፤ ግን አላወከችኝም።

ቅዳሜ በስምንት ሰዓት ከልጄ ጋር በባጃጅ ወደ ቤተ መጻሕፍቱ ሄድን። ባለቤቴ ሱቁን ሊጠብቅልኝ ቀረ፤ ኮረሪማን ከጥምዝ የማይለይ ሰው ነውና ስለ ደንበኞቼ አላህን ለመንኩ። ከሃያ የማይበልጡ ሰዎች ነበሩ፤ አብዛኞቹ ልጄን የሚያህሉ። አንድ ጡረታ የወጡ መምህርና እኔ ብቻ ነበርን በዕድሜ የገፋን፤ ጎን ለጎን ተቀመጥን። አንዲት ልጅ ስለ እናቷ የጥርስ ሕመም አነበበች፤ ወደድኩት። አንድ ወጣት ረጅም ነገር አነበበ፤ አንድ ቃል አልገባኝም፤ አጨበጨብኩለት። 

የአስር ሶላት ደረሰ። የሶላት ትጥበቴን፣ ዉዱዬን፣ ከቤት አድርጌ ነበር የወጣሁት። ለሠራተኛዋ በጆሮዋ ነገርኳት። ምንም ሳትጠይቅ ወደ ኋላ፣ በመደርደሪያዎቹ መካከል ወሰደችኝ፤ ሰው በፊቴ እንዳያልፍ ወንበር አምጥታ መተላለፊያውን ዘጋችልኝ። በመጻሕፍት መካከል ሰገድኩ። የሚያነበው ልጅ ድምፅ ከሩቅ ይሰማኛል። ልቤ ጸጥ ያለ ነበር።

ስመለስ አንድ ግጥም አልፎኛል። መምህሩን ምን አመለጠኝ ብዬ በሹክሹክታ ጠየቅኳቸው። ዕድሜ ልካቸውን ሲያስተምሩ የኖሩ ናቸውና በአጭሩ መንገር አይሆንላቸውም። ያለፈኝን ግጥም በራሳቸው አነጋገር ከመጀመሪያው ጀመሩልኝ። ግጥሙ ስለ አውራ ዶሮ ነበር፤ አንገታቸውን አስግገው፣ እጃቸውን እንደ ክንፍ ከፍ አድርገው አሳዩኝ። ሳቄን መያዝ አቃተኝ። እርሳቸውም ሳቁ።

ከፊታችን ያለው ረድፍ ዞረ። ልጄ ከመካከላቸው ጣቷን በከንፈሯ ላይ አድርጋ አየችኝ።

"ኡሚ" አለች። "ዝም በይ እንጂ፣ ሌሎቹ ይስሙ።"

ዓይኗ ግን ይስቅ ነበር። ነጠላዬን አስተካክዬ ዝም አልኩ። ቀጥሎ የሚያነበው ልጅ የታጠፈ ወረቀቱን ከኪሱ እያወጣ ነበር።